ጥልፍ፦ ከሸማኔው ቀጥሎ የሚመጣው እጅ

ሽሮ ሜዳ ሱቆች ደጃፍ ላይ የተሰቀለ የሐበሻ ቀሚስ ስናይ፣ ደረቱንና የእጅጌውን ጫፍ ያስጌጠውን ሁሉ «ጥበብ» ብለን እናልፋለን። እዚያ ላይ ግን የሁለት ባለሙያዎች እጅ ሊኖር ይችላል። ጥለቱ የሸማኔው ነው፤ ባለቀለም ክር በድሩ መካከል እየገባ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይሠራል። ጥልፉ ደግሞ ጨርቁ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው። ሸማኔው ድሩንና ማጉን ተከትሎ ስለሚሄድ የጥለቱ ቅርጽ ማዕዘን ይበዛዋል። ጠላፊዋ መርፌዋን ወዳሻት ስለምትመራ ሐረጉም፣ አበባውም፣ ክቡም ይታዘዝላታል።

ሙያው ትናንት የመጣ አይደለም። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ በባለቀለም ሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ አለ፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደነበረ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ ከተወሰዱት ቅርሶች አንዱ ነው።

የእጅ ጥልፍ የሚጀምረው ከንድፍ ነው። ንድፉ በወረቀት ይሣልና በካርቦን ወደ ጨርቁ ይገለበጣል፤ ጨርቁም በክብ እንጨት ይወጠራል። ጠላፊዋ የሐረጉን መስመር በሰንሰለት ስፌት ታወጣለች፣ የአበባውን ሆድ ክር ከክር እያጠጋጋች ትሞላለች። ክሩን አጥብቃ ከሳበች ጨርቁ ይሰበሰባል፤ ካላላች ጥልፉ ይንጠለጠላል። ጥበቡ ያለው በዚህ ልክ ላይ ነው።

የማሽን ጥልፍ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኢሳክ ግሮብሊ እ.ኤ.አ. በ1863 የፈለሰፈው ማሽን «ሺፍሊ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ትንሽ ጀልባ» ሲሆን ስሙን ያገኘው ከታች ክር ከሚያመላልሰው ጀልባ መሰል ዕቃ ነው። የዛሬው የኮምፒዩተር ማሽን ንድፉን የሚያየው እንደ ሥዕል ሳይሆን መርፌው የሚወጋባቸው ነጥቦች ዝርዝር አድርጎ ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሰው የክሩን አቅጣጫና ጥግግት ይወስናል፤ ማሽኑም በደቂቃ እስከ 1,000 ጊዜ ይወጋል። ሸማ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ደጋፊ ጨርቅ ካልገባለት ይጨማተራል። ስለዚህ በማሽንም ቢሆን ሥራውን የሚያሳምረው የሰው ዕውቀት ነው።

ዛሬ ጥልፍ የሚታዘዘው ለሠርግ ቀሚስ ብቻ አይደለም። በሕፃን ክርስትና ልብስ ላይ ስም፣ በትራስ ልብስ ላይ የሙሽሮች ስም፣ በሐኪም ጋዋን ላይ ማዕረግ፣ በማኅበርተኞች ነጠላ ላይ መስቀል ይጠለፋል። ስም ሲያዝዙ ፊደሉን ራስዎ በወረቀት ጽፈው ይስጡ። አንዱን ስም «ፀሐይ» ብለው የሚጽፉም «ጸሐይ» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ ማሽኑ ደግሞ የተሰጠውን ይጠልፋል። ፊደሉም በጣም አይነስ፤ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ስለሆነ፣ ፊደሉ ሲያንስ ጭረቷ በክር ትዋጣለች።

ከመክፈልዎ በፊት ጨርቁን ይገልብጡት። በጀርባው የተንጠለጠለ ክርና የበዛ ቋጠሮ ካለ፣ ፊቱ ቢያምርም ሥራው ቶሎ ይፈታል። ከባለቀለሙ ክር ቁራጭ ወስደው በውኃ ያርሱትና በነጭ ጨርቅ ይጫኑት፤ ቀለም ከለቀቀ ቀሚስዎንም ያበላሻል። ጀርባው የጸዳ፣ ክሩም ቀለሙን የያዘ የእጅ ጥልፍ ካገኙ ግን በዋጋው አይከራከሩ። አንዲት ሴት ለቀናት አንገቷን ደፍታ የሠራችው ነው፤ ሙያው ለልጆቿ የሚተላለፈው ልፋቷ ተገቢውን ዋጋ ሲያገኝ ነው።