የኋላ ዲፈረንሻል ሲያንጠባጥብና ሲዝግ፤ የሚጠገነው ከሚለወጠው በምን ይለያል?

ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ደጋ አቋርጦ ወደ አቀስታና ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ ለአገሩ ነጋዴ የእንጀራ መንገድ ነው። ገብሱ፥ ምስሩ፥ በጉና ቆዳው በዚህ ይወጣል፤ ጨው፥ ስኳርና ቆርቆሮ በዚህ ይገባል። ከባድ መኪና በማይደርስበት የገጠር ገበያ ግን ሥራውን የሚሠራው ፒክአፕ ነው። ፒክአፕም የጭነቱን ዋና ክብደት የሚሸከመው በኋላ ዲፈረንሻሉ ላይ ሲሆን፥ ባለንብረቱ ጎንበስ ብሎ የማያየው ይህንኑ ክፍል ነው። ከሥሩ የዘይት ጠብታ ሲታይ «ትንሽ ናት፥ ከገበያ መልስ ትታያለች» ይባላል። ያች ጠብታ ግን በጊዜዋ ካልተመረመረች ሁለት ዕዳ ታመጣለች፤ አንደኛው የገንዘብ፥ ሁለተኛው የሕይወት ነው። ስለዚህ ጠብታው ከየት እንደሚመጣ፥ ዝገቱ መቼ እንደሚጠገንና መቼ እንደማይጠገን ለነጋዴ ወንድሞቻችን በአጭሩ እናስረዳለን።

ዲፈረንሻል ከመካከሉ እንደ ሆድ ያበጠ፥ ግራና ቀኝ ቱቦ ያለው የብረት ቤት ነው። በሆዱ ውስጥ ኮሮናና ፒኞን የተባሉት ጥርሶች ይዞራሉ፤ በቱቦዎቹ ውስጥ ደግሞ ኃይሉን ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱ ሁለት ዘንጎች ያልፋሉ። በየዘንጉ ጫፍ ኩሽኔታ አለ፤ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ እንዳይወጣ የሚከለክለው ፓራኦሊዮም በዚያው ይገኛል። በቤቱ አናት ላይ ደግሞ ትንሽ የአየር መተንፈሻ አለች።

ዘይት ሲፈስ ምንጩ ከአራቱ በአንዱ ነው። እርጥበቱ ከፊት ክሮቼራው በሚታሰርበት ዘንድ ከታየ የፒኞኑ ፓራኦሊዮ ነው። በሆዱ ዙሪያ በብሎኖቹ መካከል ከታየ ጓርኒሲዮኒው ነው። በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ከታየ የዘንጉ ፓራኦሊዮ ሲሆን፥ ከሁሉ የሚያስፈራው ይኸው ነው፤ ዘይቱ የፍሬን ሸራውን ያረጥበዋልና። ቱቦው ወይም ሆዱ ራሱ ካላበ ግን ዝገት ብረቱን በስቶታል ማለት ነው። ይህን ለመለየት ክፍሉን በሚገባ አጥቦ፥ አድርቆ፥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ መመልከት ነው። ሳያጥቡ መገመት ያልታመመውን እንደ ማከም ይቈጠራል።

ፓራኦሊዮ ሲፈስ ጥፋቱ ሁልጊዜ የፓራኦሊዮው አይደለም። እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት አንዲት ፒክአፕ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ የቀኝ ፓራኦሊዮ ተለወጠላት። በእያንዳንዱ ጊዜ ዘይቱ የነካው የፍሬን ሸራ አብሮ ተለወጠ፤ መኪናዋም በቆመች ቍጥር ለገበያው ሌላ መኪና ተከራየን። ሦስተኛው ሊለወጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሾፌሩ ቍልቍለት ላይ ፍሬኑ ወደ አንድ ወገን እየሳበ እንዳስቸገረውና መኪናዋን በማርሽ ይዞ እንዳወረዳት ነገረን። በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ፓራኦሊዮውን ከመንካቱ በፊት እጁን ወደ መተንፈሻዋ ሰደደና በደረቀ ጭቃ ተደፍና አገኛት። «ጋሼ፥ ዘይቱን የሚገፋው የታፈነው አየር ነው» አለና በቀጭን ሽቦና በናፍጣ ጠርጎ ከፈታት። ከዚያ በኋላ የተገባው ፓራኦሊዮ ሳይፈስ ቈየ። ሒሳቡን ስደምረው ብዙ ገንዘብ የወጣው መተንፈሻዋን የሚያይ ሰው በመጥፋቱ ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። መኪና ዳገት ሲወጣ የዲፈረንሻሉ ዘይትና አየር ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። የሞቀ ዲፈረንሻል በክረምት ከቀዝቃዛ ወንዝ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኰማተርና ውሃ ይስባል። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከታየ ውሃ ገብቶበታልና ሳይውል ሳያድር መለወጥ አለበት። ያለዚያ ኩሽኔታውንና ጥርሶቹን ከውስጥ ያዝገዋል።

መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖ ፓራኦሊዮው ደጋግሞ ከፈሰሰ ደግሞ ሁለት ነገር ይመረመራል። አንደኛው፥ ኩሽኔታው አልቆ ዘንጉ ይወዛወዝ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው፥ ፓራኦሊዮው የሚያርፍበት የዘንጉ ገጽ ተበልቶ ቦይ አውጥቶ እንደ ሆነ ነው። በተቦረቦረ ዘንግ ላይ አዲስ ፓራኦሊዮ ማግባት ትርፉ ወጪ ነውና ዘንጉን ለቶርኖ ቤት ማሳየት ወይም መለወጥ ይገባል።

አሁን ወደ ዝገቱ እንለፍ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን መኪኖች ከሥራቸው ይበላሉ። በ2010 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የፎርድ ኩባንያ ዊንድስታር የተባሉትን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መኪኖች ለጥገና የጠራው የኋላ አክስላቸው በዝገት ሊሰበር ይችላል በሚል ነበር። በእኛ አገር መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፤ ነገር ግን እኛ ጨዉን ራሱን እንጭነዋለን። ከአፋር ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው በፒክአፕ ተጭኖ ዝናብ ሲያገኘው፥ የጨው ውሃ በጭነት ሣጥኑ ቀዳዳ እየሾለከ በቀጥታ ዲፈረንሻሉ ላይ ይንጠባጠባል። ጨው እርጥበትን ከአየር ስለሚስብ መኪናው ቆሞ በሚያድርበት ጊዜ እንኳ ዝገቱ ሥራውን አያቆምም። በላዩ ጭቃ ከተለጠፈበት ደግሞ እርጥበቱ ለብዙ ቀን አይደርቅም።

የዝገቱን ጥልቀት ለማወቅ በሽቦ ብሩሽ ፍቆ በትንሽ መዶሻ መምታት ይበቃል። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ውጤቱም እንደሚከተለው ይፈረዳል።

አንደኛ፥ ዝገቱ ከገጽ ያላለፈ እንደ ሆነ ፍቆ፥ አድርቆ፥ የዝገት መከላከያ ቀለም መቀባት ነው።

ሁለተኛ፥ ቀዳዳው በሆዱ የኋላ ሽፋን ላይ እንደ ሆነ፥ ይህ በብዙ ፒክአፖች ጭነት የማይሸከም ስስ ላሜራ ስለሆነ፥ የበሰበሰውን ቈርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ ይቻላል። አስቀድሞ ዘይቱ ይራገፋል፥ የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ የብየዳው መሬት ገመድም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰራል፤ ራቅ ብሎ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ አልፎ ያበላሻቸዋል። ስቱኮ መለጠፍ ግን እስከ ጋራዥ ለመድረስ እንጂ ጥገና አይባልም።

ሦስተኛ፥ ዝገቱ የባሌስትራውን መቀመጫ፥ የቱቦውን አካል ወይም ኩሽኔታው የሚገባበትን ጫፍ ከበላ መበየድ አይገባም። የሳሳ ብረት በእሳት ይቀደዳል፤ ቱቦውም በሙቀት ይጣመማል፤ ጭነቱን የሚሸከመው ይኸው ክፍል ነውና በጕዞ ላይ ቢሰበር ጎማውን ይዞ ይሄዳል። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ቍልቍለት ላይ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። በዚህ ጊዜ መለወጥ ግዴታ ነው። ጥርሶቹ ጤነኞች ከሆኑ ባዶውን ቤት ብቻ ገዝቶ የውስጡን ማዛወር ወጪ ይቀንሳል።

ሙሉ ዲፈረንሻል ያገለገለ ሲገዛ፥ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ ከደሴ፥ ማዘዣው «የፒክአፕ ዲፈረንሻል» ብሎ ብቻ ቢጻፍ ስሕተት ይወልዳል። የመኪናው ዓይነትና የተሠራበት ዓመት፥ የሻንሲ ቍጥሩ፥ የጎማው ብሎኖች ቍጥር፥ የሁለቱ ባሌስትራዎች ርቀትና የፍሬኑ ዓይነት ይጻፍ። ከሁሉም በላይ የኮሮናውና የፒኞኑ ጥርስ ቍጥር ይጻፍ። ኮሮናው 41፥ ፒኞኑ 10 ጥርስ ቢኖረው ፒኞኑ 4.1 ጊዜ ሲዞር ኮሮናው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ 43 ለ10 ቢሆን 4.3 ይሆናል። በፊትም በኋላም ዲፈረንሻል ያለው መኪና ሁለቱ ካልተስማሙ፥ በአራቱም ጎማ በደረቅ መንገድ ሲነዳ እርስ በርሱ ታግሎ ይሰባበራል። ያገለገለ ዕቃ ያለ ደረሰኝ አይገዛ፤ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ከዕቃው ጋር ገንዘቡም ይጠፋልና።

ለሠራተኞችም ሁለት ማሳሰቢያ አለን። የኋላ ጎማ ሲነሣ የእጅ ፍሬን መኪናውን አይዝም፤ ስለዚህ የፊት ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይደገፉ፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥርም ማንም አይግባ። ዘይት ሲለወጥ ደግሞ አስቀድሞ የመሙያው ብሎን ይፈታ። የማራገፊያው ተከፍቶ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የመሙያው በዝገት አልፈታ ቢል መኪናው ባለበት ይቀራል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ የቱን ያህል እንደ ተወደደ ሒሳብ የሚይዝ ሁሉ ያውቀዋል። ጨው ከተራገፈ በኋላ ሣጥኑንና የመኪናውን ሥር በንጹሕ ውሃ ማጠብ፥ ከጨው በታች ወፍራም ሸራ ማንጠፍ፥ በየወሩ መተንፈሻውንና የጎማውን ውስጠኛ ገጽ መመልከት ግን ከጥቂት ሰዓት ድካም በቀር የሚያስወጣው የለም። ይህን ያደረገ ነጋዴ ንብረቱንም፥ በመኪናው ላይ ሕይወቱን አምኖ የሚሄደውን ሾፌርም ጠበቀ ማለት ነው።