የዝምታ መዝገብ፦ ጥቁር ሴት ደራስያንን በቤተ መዛግብት መፈለግ



«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ዛሬ የምናገረው ግን ስለሚነቅዝ ዝምታ ነው። አንዲት ደራሲ በቤተ መዛግብት ውስጥ ድምፅዋ ሲታጣ፣ ራሷ ዝም ብላ ነው ወይስ ዝም እንድትል ተደርጋ? ይህን ለመመርመር ከአሜሪካ ታሪክ ምሳሌ አቀርባለሁ፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊሊስ ዊትሊ የወተት ጥርሷ ገና እየረገፈ ሳለ፣ በ1761 ከምዕራብ አፍሪካ በባሪያ መርከብ ወደ ቦስተን ተወሰደች። «ፊሊስ» የመርከቡ ስም ነው፤ «ዊትሊ» ደግሞ የገዟት ቤተሰብ። ወላጆቿ ያወጡላት ስም በመዝገብ አልሰፈረም። በ1773 የግጥም መድበሏ ለንደን ታተመ። በ1779 ለሁለተኛ መጽሐፏ በጋዜጣ ደንበኞችን ጠየቀች፤ ማስታወቂያውም 33 ግጥሞችንና 13 ደብዳቤዎችን ይዘረዝራል። መጽሐፉ ሳይታተም በ1784 አረፈች፤ የእጅ ጽሑፉም ጠፋ።

ፊሊስ በኒውፖርት በባርነት ትኖር ለነበረችው ወዳጇ ለኦቡር ታነር የጻፈቻቸው ሰባት ደብዳቤዎች ግን ተርፈዋል። እኔ ለብዙ ዓመታት እነዚህን ሳስተምር የማነሣው ስለ ጸሐፊዋ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ «መላሿስ የት አለች?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፊሊስ የወዳጇ ደብዳቤ እንደ ደረሳት ትጽፋለች፤ የታነር መልሶች ግን የሉም። ሰባቱ ደብዳቤዎች ዛሬ የምናነባቸው ታነር እስከ እርጅናዋ ስለ ጠበቀቻቸው ነው። የመዝገቡ የመጀመሪያ ጠባቂ እርሷ ነበረች፤ እኔም በእርሷ ላይ ሌላ ዝምታ ጨምሬባት ኖሬአለሁ።

ሁለተኛዋ ሃሪየት ጄኮብስ ናት። በባርነት ያሳለፈችውን ሕይወት በ1861 «ሊንዳ ብሬንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመች። ብዙ ምሁራን ሥራውን ልብ ወለድ፣ ወይም የነጯ አርታኢ የሊዲያ ማሪያ ቻይልድ ድርሰት አድርገው ቆጠሩት። በ1980ዎቹ ጂን ፌገን የሊን እውነተኛነቱን አረጋገጠች። ዋናው ማስረጃ ጄኮብስ ለወዳጇ ለኤሚ ፖስት የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ነበሩ፤ እነርሱም የተቀመጡት በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ፣ በፖስት ቤተሰብ ወረቀቶች መካከል ነው። ድምፁ ነበረ፤ የጎደለው አድማጭ ነበር።

እንግዲህ ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም። የጠፋ አለ፣ ማንም ያላስቀመጠው አለ፣ በሌላ ሰው ስም ሥር የተቀመጠም አለ። ሦስተኛው ፈልጎ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በምናብ የሚሞሉ ጉድጓዶች አይደሉም፤ ወሰናቸውን በትክክል አስምረን «እዚህ ላይ አንዲት ሴት ጽፋ ነበር» ልንል ይገባናል።

ወደ ቤተ መዛግብት ስትገቡ የደራሲዋን ስም ብቻ አትፈልጉ። ደብዳቤ የተቀበለውን፣ ያስቀመጠውንና ያሳተመውንም ፈልጉ።