የሚጻፍበት ስፍራ ይታወቅ

ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤ በኩል ወደ ካራ በሚወጣው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር በሚገኙት ትንንሽ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤቶች፣ ከጽሕፈትና ከማባዛት ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ይኸውም ፓስፖርት ለማውጣት የሚያመለክተውን፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱን ለማየት የሚቸኩለውን፣ ሥራ ፈላጊውንም ሁሉ ወክሎ በድረ ገጽ ላይ ያለውን ቅጽ መሙላት ነው። ለዚህ ሥራ መኖር የኮምፒዩተር እጥረትና የእንግሊዝኛ ቋንቋ እንግዳነት ታላላቅ ምክንያቶች መሆናቸው አይካድም፤ ሆኖም ከእነርሱ ሥር ተሸሽጎ የሚኖር፣ ጥቂቶች ብቻ የሚያስተውሉት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ባለጉዳዩ እንዲጽፍበት የተዘጋጀው ሳጥን የሚጻፍበት ስፍራ መሆኑ ለዓይን ተገልጦ አለመታየቱ ነው።

እንዲሞላ የተተወ ስፍራ ለኢትዮጵያ የጽሕፈት ሥርዓት እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና ጸሓፊ ብርዑን ከቀለም ከመንከሩ በፊት ቆዳውን ፍቆ፣ ዳርና ዳሩን በወስፌ በስቶ፣ መስመሩን አስምሮ፣ ዓምዱን ከህዳጉ ይለያል፤ የጸሎት መጽሐፍም ሲጽፍ የመጽሐፉ ባለቤት ማን እንደሚሆን ገና ያልታወቀ እንደ ሆነ፣ ስሙ በሚገባበት ቦታ ባዶ ስፍራ ይተዋል፣ ወይም «እገሌ» ብሎ ያልፋል። ከዚህም የተነሣ በብዙ ጥንታዊ ብራናዎች የባለቤቱ ስም በሌላ ሰው እጅ ጽሕፈት ገብቶ፣ በአንዳንዶቹም ስፍራው እስከ ዛሬ ባዶውን ቀርቶ ይገኛል። ያ ባዶ ስፍራ ግን ማንንም አያደናግርም፤ በፊቱም በኋላውም በጥቁር ቀለም የተጻፈው ቃል እንደ አጥር ከብቦ ይለየዋልና።

በድረ ገጽ ላይ ግን ገጹ በሞላው ነጭና ባዶ ስለ ሆነ፣ ባዶነት ብቻውን ጻፉብኝ ብሎ ሊጋብዝ አይችልም፤ ወሰን ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኤችቲኤምኤል 2.0 ደንብ የቅጽን አሠራር ባጸናበት ዘመን፣ ገጽ የሚያሳዩት ፕሮግራሞች ለሳጥኑ ጥላ ያለው ጠርዝ ሰጥተው፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደ አስመስለው ያሳዩት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 እና ከ2013 ወዲህ ግን ጥላንና ጌጥን የሚያስወግድ የንድፍ ፈሊጥ በማይክሮሶፍትና በአፕል ሥራዎች ስለ ገነነ ጠርዙ እየሳሳ ሄደ፤ ጎግልም በ2014 ማቴሪያል ዲዛይን የተባለውን የንድፍ ሥርዓቱን ሲያወጣ፣ የሚጻፍበትን ስፍራ ከሥሩ በተሰመረች አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ አመለከተ። ይህች መስመር አንዱን ክፍል ከሌላው ከምትለይ ተራ መስመር ጋር የምትምታታ ሆና ስለ ተገኘች፣ ኩባንያው በተጠቃሚዎች ዘንድ ምርመራ ካደረገ በኋላ፣ በ2018 ዙሪያው የተከበበውን ሳጥን መልሶ አመጣው።

በዚያው በ2018 ዓለም አቀፉ የዌብ ደንብ አውጪ ጉባኤ፣ ደብልዩ ሦስት ሲ፣ ባሻሻለው የተደራሽነት መመሪያ፣ ሳጥንን ለመለየት የሚያስፈልግ ምልክት ከአጠገቡ ካለው ቀለም ጋር ያለው የብርሃን ንጽጽር ከ3 ለ 1 እንዳያንስ ደነገገ፤ ለተራ ጽሑፍም ከቀድሞ ጀምሮ የተወሰነው ልክ 4.5 ለ 1 ነው። ብዙ ነዳፊዎች የሚወዱት ፈዛዛ ግራጫ ጠርዝ በነጭ ገጽ ላይ ሲሰመር ንጽጽሩ 2 ለ 1 እንኳ አይሞላም። ነዳፊው በጥላ ውስጥ ተቀምጦ፣ በጥሩ ስክሪን ላይ፣ ያንን ጠርዝ አጥርቶ ያየው ይሆናል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ኮተቤ፣ በበጋ የቀትር ፀሐይ፣ ባትሪው እንዳያልቅበት ብርሃኑን ዝቅ ያደረገ ስልክ ይዞ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ግን፣ የፀሐዩ ነጸብራቅ ከስክሪኑ ላይ የቀረችውን ጥቂት ልዩነት ስለሚያጠፋበት፣ የሚያየው ባዶ ሰሌዳ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት መጠሪያውን በሳጥኑ ውስጥ በፈዛዛ ፊደል ጽፎ መተው ነው። አንዳንዱ ሰው ያንን ጽሑፍ አይቶ ሳጥኑ አስቀድሞ የተሞላ ይመስለዋል፤ ሌላው መጻፍ ሲጀምር መጠሪያው ስለሚጠፋበት፣ የተጠየቀው የአባቱ ስም ይሁን የአያቱ መልሶ ማረጋገጥ ያቅተዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መጠሪያው ከሳጥኑ በላይ በደማቅ ፊደል ይጻፍ፣ ጠርዙም ጎልቶ ይሰመር፣ ጣት ሲነካውም ቀለሙን ይለውጥ።

ነገሩ የጌጥ ክርክር አለመሆኑን ግን ውጤቱ ይመሰክራል። ሳጥኑን ያላገኘ ሰው ስልኩን ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ከስልኩም ጋር የመታወቂያ ቁጥሩን፣ የልደት ቀኑን፣ አልፎ አልፎም የምስጢር ቃሉን አብሮ አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ ለባንክ ገጽ የምትነድፉ ወጣቶች ሆይ፣ ሥራችሁን ከማጽደቃችሁ በፊት በቀትር ወደ መንገድ አውጡት፣ ለአንዲት እናትም ሰጥታችሁ ምንም ሳትነግሯቸው ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ ጣታቸው ያለ ምሪት ሳጥኑ ላይ ካላረፈ፣ መታረም ያለበት የእናንተ ንድፍ ነው።