በሊኑክስ ላይ አልፎ አልፎ የሚንቀራፈፍ የግራፍ መሳያ ሶፍትዌር ምርመራ

የግራፍ መሳያ ሶፍትዌር አልፎ አልፎ መንቀራፈፍ፣ አንድ ፕሮግራም ያንኑ ግራፍ ከዚያው መረጃ፣ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ሲስል አንዳንዴ በጥቂት ሰከንዶች፣ አንዳንዴ ደግሞ ብዙ እጥፍ ዘግይቶ የሚጨርስበት ችግር ነው። ሁልጊዜ የሚዘገይ ፕሮግራም በተፈለገው ሰዓት ሊመረመር ይችላል። አልፎ አልፎ የሚዘገየው ግን ሊመረምሩት ሲቀመጡ ደህና ሆኖ ይገኛል። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን ወይም ራም መጨመር ችግሩን የፈታው ሊመስል ይችላል፤ ችግሩ ግን ለጊዜው በራሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ምርመራው የሚጀምረው ፈጣኑንና ዘገምተኛውን ጊዜ ጎን ለጎን ከሚያሳይ መዝገብ ነው።

የደቡብ ኦሞ የዝናብ መረጃ እንደ ምሳሌ

ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,490 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በደቡብ ኦሞ ዞን ደቡባዊ ጫፍ፣ የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚገባበት ቆላ፣ ከፍታው ከ400 ሜትር በታች ነው። አካባቢው ድርቅና ጎርፍ የሚፈራረቁበት ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ባደረሰው ጎርፍ ከ300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከወንዙ በላይኛው ክፍል የተሠራው የጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የአካባቢውን ዝናብና የውሃ መጠን በግራፍ አድርጎ ማየት ለተማሪም ለባለሙያም ጠቃሚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዝናብ ግራፍ ደግሞ ጥቅም የሚሰጠው በሰዓቱ ሲደርስ ነው።

ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉ መረጃዎች አንዱ ቺርፕስ ይባላል። ቺርፕስ የሳተላይት ምልከታንና የምድር ጣቢያዎችን ልኬት አጣምሮ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የየዕለቱን ዝናብ ይሰጣል። እያንዳንዱ የመረጃ ሳጥን 0.05 ዲግሪ፣ ማለትም 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። በደቡብ ኦሞ ላይ በኬክሮስም በኬንትሮስም 2 ዲግሪ የሚሸፍን ካሬ ቢወሰድ 40 በ40፣ በጠቅላላው 1,600 ሳጥኖች ይኖሩታል። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2020 ያሉት ቀናት 14,610 ናቸው። ሁለቱ ሲባዙ 23,376,000 ቁጥሮች ይሆናሉ። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ቢይዝ መረጃው 187 ሜጋባይት ገደማ ራም ይፈልጋል።

ይህ መጠን ብቻውን ብዙ አይደለም። ነገር ግን አማካይ ሲሰላ፣ ከአማካዩ ያለው ልዩነት ሲወጣና መረጃው ለግራፉ ሲዘጋጅ ፕሮግራሙ ቅጂዎችን ሊፈጥር ይችላል። አራት ቅጂ ቢኖር ወደ 750 ሜጋባይት ይደርሳል። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ብሮውዘር ተዘግቶ ሳለ ሥራው ያለችግር ሊያልፍ፣ ብሮውዘሩ ሲከፈት ግን ሊንቀራፈፍ ይችላል። ተጠቃሚው የሚያየው ያንኑ ትዕዛዝ ስለሆነ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አይገባውም።

የተለመዱ የግራፍ መሳያዎች

በሊኑክስ ላይ በብዛት ከሚታወቁት መካከል ግኑፕሎትና ማትፕሎትሊብ ይገኛሉ። ግኑፕሎትን ቶማስ ዊሊያምስና ኮሊን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1986 ጀመሩት። ማትፕሎትሊብ ደግሞ የፓይተን ቋንቋ ላይብረሪ ሲሆን በጆን ሃንተር ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ ቀረበ። ሁለቱም ግራፉን በመስኮት ላይ ማሳየት ወይም ምንም መስኮት ሳይከፍቱ በቀጥታ ወደ ምስል ፋይል መጻፍ ይችላሉ። ይህ ልዩነት ለምርመራ ይጠቅማል። ወደ ፋይል ሲሳል የማይዘገይ፣ በመስኮት ሲታይ ግን የሚዘገይ ግራፍ ከሆነ ችግሩ ያለው በስሌቱ ላይ ሳይሆን በማሳያው በኩል ነው።

መዝገብ መያዝ

የመጀመሪያው እርምጃ አንድ የማይለወጥ የሙከራ ግራፍ መምረጥና በየተወሰነ ጊዜ እየደጋገሙ ማሠራት ነው። በየ5 ደቂቃው ቢሠራ በአንድ ቀን 288 ልኬት ይገኛል። በእያንዳንዱ ዙር የሚከተሉት ይመዘገባሉ፦

• የተጀመረበት ሰዓት፤
• ግራፉ የወሰደው ጊዜ፤
• ነፃ የራም መጠን፤
• የፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ሙቀት፤
• ኮምፒዩተሩ በመብራት ወይም በባትሪ እየሠራ መሆኑ።

ውጤቱን በአማካይ ብቻ ማየት ያሳስታል። ለምሳሌ ከ20 ዙር 19ኙ 4 ሰከንድ፣ አንዱ 40 ሰከንድ ቢፈጅ አማካዩ 5.8 ሰከንድ ይሆናል። ይህ ቁጥር ከየትኛውም ዙር ጋር አይገጥምም። የመካከለኛውንና የትልቁን ቁጥር ለየብቻ ማየት ይሻላል።

ሥራ እና ጥበቃ

ታይም የተባለው የሊኑክስ ትዕዛዝ ሦስት ቁጥሮችን ይሰጣል። ሪል የሚለው በግድግዳ ሰዓት ያለፈውን ጠቅላላ ጊዜ፣ ዩዘር የሚለው ፕሮሰሰሩ ለፕሮግራሙ የሠራበትን፣ ሲስ የሚለው ደግሞ የሊኑክስ ከርነል ስለ ፕሮግራሙ የሠራበትን ጊዜ ያሳያል። የፈጣኑና የዘገምተኛው ዙር ቁጥሮች ሲነጻጸሩ ምርመራው ወደ ሁለት ይከፈላል።

ጠቅላላው ጊዜ ከ4 ወደ 40 ሰከንድ አድጎ የዩዘር ጊዜ 3.5 ሰከንድ አካባቢ ከቀረ ፕሮግራሙ ተጨማሪ ሥራ አልሠራም፤ የቀረውን ጊዜ አንድ ነገር ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው። የሚጠብቀው ዲስክ፣ ራም፣ ኔትወርክ ወይም የፕሮሰሰር ተራ ሊሆን ይችላል። ጠቅላላውና የዩዘር ጊዜ አብረው ካደጉ ግን ወይ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ቀንሷል፣ ወይ ፕሮግራሙ ከቀድሞው የበለጠ ሥራ እየሠራ ነው። በብዙ ኮር የሚሠራ ፕሮግራም የዩዘር ጊዜው ከጠቅላላው ሊበልጥ ስለሚችል ማነጻጸር ያለበት ከራሱ ፈጣን ዙር ጋር ነው።

የሚጠበቀው ምን እንደሆነ ለመለየት ከሊኑክስ 4.20 ጀምሮ የመጣ መለኪያ አለ። ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ፕሬዠር በተባለው ንዑስ ፎልደር፣ ለፕሮሰሰር፣ ለራም እና ለዲስክ አንዳንድ ፋይል ይገኛል። እያንዳንዱ ፋይል ባለፉት 10፣ 60 እና 300 ሰከንዶች ውስጥ ፕሮግራሞች ያንን ነገር በመጠበቅ የቆሙበትን መቶኛ ያሳያል። ሦስቱም ዝቅተኛ ሆነው ሳለ ግራፉ ከዘገየ ጥርጣሬው ወደ ስክሪን ወይም ወደ ኔትወርክ ይዞራል።

የተለመዱ ምክንያቶች

የራም ማነስ፦ ራም ሲሞላ ሊኑክስ የተወሰነውን መረጃ ወደ ዲስክ ያወጣል፤ ይህ ቦታ ስዋፕ ይባላል። የሚሽከረከር ዲስክ ምላሽ ለመስጠት ከራም በብዙ ሺህ እጥፍ ይዘገያል። ቪኤምስታት የተባለው ትዕዛዝ በየሰከንዱ ወደ ስዋፕ የገባውንና የወጣውን ያሳያል። የመጀመሪያው መስመር ኮምፒዩተሩ ከተነሳ ጀምሮ ያለው አማካይ ስለሆነ መታለፍ አለበት። መፍትሔው ሁልጊዜ ራም መግዛት አይደለም። በምሳሌው የዕለቱ ዝናብ በወር ተደምሮ ቢያዝ 40 ዓመት 480 ወር ስለሆነ መረጃው ከ187 ሜጋባይት ወደ 6 ሜጋባይት ገደማ ይወርዳል። 1,920 ነጥብ ስፋት ባለው ስክሪን ላይ 14,610 ቀናትን አንድ በአንድ ለይቶ ማየትም አይቻልም።

ሙቀት፦ ፕሮሰሰር ከተወሰነ ሙቀት ሲያልፍ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በጂንካ ደጋማ አየር ደህና የነበረ ላፕቶፕ ወደ ኦሞራቴ ቆላ ሲወርድ፣ በተለይም ማራገቢያው አቧራ ከያዘ፣ በቀትር ሊንቀራፈፍ ይችላል። ምልክቱ የዩዘር ጊዜ ከጠቅላላው ጋር አብሮ ማደጉና የፕሮሰሰሩ ፍጥነት መውረዱ ነው።

መብራት መቋረጥ፦ ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ስለማይጠፋ ተጠቃሚው ለውጡን ላያስተውል ይችላል። የኃይል ምንጩን በየዙሩ መመዝገብ ይህን ምክንያት በቀላሉ ይለያል።

የጀርባ ሥራዎች፦ የሶፍትዌር ማሻሻያ፣ የፋይሎች ዝርዝር ማዘጋጀትና የመሳሰሉት በተወሰነ ሰዓት በራሳቸው ይጀምራሉ። ሰዓታቸው ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ከነበረ ብዙዎቹ እንደተነሳ ይሠራሉ። ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ ኮምፒዩተር ጠዋት ሲበራ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚንቀራፈፈው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ቶፕ የተባለው ትዕዛዝ በዚያ ሰዓት ፕሮሰሰሩን የያዘውን ፕሮግራም ያሳያል።

ፎንት፦ ማትፕሎትሊብ በኮምፒዩተሩ ላይ ያሉትን ፎንቶች ዘርዝሮ ካሽ በሚባል ማከማቻ ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ የሚጽፍበት ፎልደር ፈቃድ ከሌለው ጊዜያዊ ማከማቻ ይፈጥርና ዝርዝሩን በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ያዘጋጃል። ይህ በጋራ በሚሠራባቸው የላብራቶሪ ኮምፒዩተሮች ላይ፣ በአንዱ ተጠቃሚ ስም ሲዘገይ በሌላው ስም ግን የማይዘገይ ችግር ሊሆን ይችላል። የግራፉ ጽሑፍ በአማርኛ እንዲሆን የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ሲጫንም ዝርዝሩ መታደስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዙር ቢዘገይ አያስገርምም።

ያልተዘጉ ግራፎች፦ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ግራፍ የሚስል ፕሮግራም ከ1981 እስከ 2020 ድረስ 40 ግራፎች ይፈጥራል። እያንዳንዱ ከተቀመጠ በኋላ ካልተዘጋ ራም ይዞ ይቆያል። ማትፕሎትሊብ ክፍት ግራፎች ከ20 ሲበልጡ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው መዘግየት ቀስ በቀስ ስለሚጨምር ከሌሎቹ ይለያል።

ስክሪንና ኔትወርክ፦ ጂንካ ላይ ሆኖ አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ የግራፍ መስኮት የሚከፍት ሰው እያንዳንዱ የመስኮት ለውጥ በኔትወርክ መጓዝ አለበት። ስሌቱ ፈጣን ቢሆንም መስኮቱ እንደ ኔትወርኩ ሁኔታ ይዘገያል። ግራፉን እዚያው ወደ ምስል ፋይል አስቀምጦ ፋይሉን ብቻ ማውረድ ይህን ያስቀራል።

ምክንያቱ ከነዚህ ካልተገኘ ኤስትሬስ የተባለው መሣሪያ ፕሮግራሙ ከከርነሉ የጠየቀውን እያንዳንዱን ነገርና የወሰደውን ጊዜ ያሳያል። መሣሪያው ራሱ ፕሮግራሙን ስለሚያዘገይ በእሱ የተገኘ ጊዜ ያለ እሱ ከተመዘገበው ጋር አይነጻጸርም።

የሰዓት አቆጣጠር

በኢትዮጵያ መዝገብን ከሰው ትዝታ ጋር ለማገናኘት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተጠቃሚው «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተንቀራፈፈ» ቢል ኮምፒዩተሩ ያንን ሰዓት 14:00 ብሎ ይጽፈዋል። በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚመዘግብ ሰርቨር ደግሞ 11:00 ይለዋል፤ ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለችና። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሚባለው በኮምፒዩተር የሚቀጥለው ቀን 01:00 ነው። የከርነሉ መልእክቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆጠሩት ኮምፒዩተሩ ከተነሳበት ሰከንድ ጀምሮ ነው። እነዚህ ወደ አንድ አቆጣጠር ካልመጡ ትክክለኛው መዝገብ ተይዞም ምክንያቱ በተሳሳተ ሰዓት ይፈለጋል።

መፍትሔው መሥራቱን ማረጋገጥ

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ያስፈልጋል። ፎንቱም፣ ራሙም፣ ማሻሻያውም አብረው ከተቀየሩ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም።

ከዚያ ቀጥሎ ስንት ዙር መጠበቅ እንደሚገባ በስሌት ማወቅ ይቻላል። ችግሩ ከ20 ዙር በአንዱ የሚከሰትና ዙሮቹ እርስ በርስ የማይያያዙ ከሆኑ፣ ምንም ባይስተካከል እንኳ 10 ዙር በተከታታይ ያለችግር የማለፍ ዕድሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። 60 ዙር ያለችግር የማለፍ ዕድሉ ግን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ከማስተካከያው በኋላ ጥቂት ፈጣን ዙሮች ማየት ለማስረጃ አይበቃም። ችግሩ በቀትር ወይም በጠዋት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሙከራው እነዚያን ሰዓቶች ማካተት አለበት። በየ5 ደቂቃው የሚሠራ ሙከራ 60 ዙር የሚጨርሰው በ5 ሰዓት ውስጥ ነው፤ አዲስ ኮምፒዩተር ለመግዛት ወይም ሲስተሙን በሙሉ እንደገና ለመጫን ከመወሰን በፊት ይህን ያህል መጠበቅ ብዙ ወጪ ያድናል።