ያውቁ ኖሯል? ከአምበር የጤፍ ማሳ ሥር ያለው አሸዋ

• በጎጃም የሚገኘው የአምበር አካባቢ ዋልካ አፈር የተገኘው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት (ባዛልት) ነው።

• ከባዛልቱ ሥር ያለውን ለማየት መቆፈር አያሻም፤ ዓባይ ቆፍሮታል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ መጀመሪያ ጥቁሩ ባዛልት፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጄሶ፣ ወደ ወንዙ ሲጠጉ ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል።

• የኖራ ድንጋዩ የባሕር ደለል ነው፤ በዳይኖሰሮች ዘመን ጎጃም ባሕር ለብሶ ነበር።

• ጂኦሎጂስቶች ከሁሉ በታች ያለውን ቀላ ያለ ድንጋይ «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» ይሉታል። ያው ዐለት በትግራይ ገደሎችም ጎልቶ ይታያል።

• ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ቁልቁለቱ ላይ እንቅልፍ አይውሰድዎ፤ በወረዱ ቁጥር የሚያዩት ዐለት ዕድሜው እየጨመረ ይሄዳል።