የአማርኛ ልብ ወለድ በማን ጫንቃ ድንበር ይሻገራል?

ካዛንቺስ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው መጽሐፍ አዟሪ ሳይጎበኘው አይነሣም። አዟሪው ከእምብርቱ እስከ አገጩ የከመረውን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረግፈው ብዙው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የስኬት ምክር፣ የስለላ ታሪክ፣ የፓውሎ ኮኤልዮ ልብ ወለድ፣ ሁሉም በአማርኛ። ከመካከላቸው ግን «ፍቅር እስከ መቃብር» እና «ኦሮማይ» አይጠፉም። ሁለቱ ተወዳጅ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ እስኪነበቡ ስንት ዓመት ፈጀ? የመጀመሪያው ወደ 40፣ ሁለተኛው 42።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ገጸ ባሕርያቱን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ አወቃቸው። የእንግሊዝኛው ትርጉም ግን የወጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ሲሳይ አየነው ተርጉመው ያሳተሙት ደራሲ በራሱ ወጪ በሚያሳትምበት የአሜሪካ ድርጅት በኩል ነበር። ከጀርባው መጽሐፉን ለጋዜጣ ሃያሲና ለመጽሐፍ መደብር የሚያደርስ ትልቅ አሳታሚ አልቆመም።

«ኦሮማይ» የገጠመው ዕጣ የባሰ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት እንዳወጣው ታግዶ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በዓሉ ግርማ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ በድብቅ ሲነበብ ኖሮ በ2017 ዓ.ም. ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ የተረጎሙት በለንደን በማክልሆዝ፣ በኒው ዮርክ በሶሆ ፕሬስ ታተመ። ማክልሆዝ የስዊድኑን ደራሲ ስቲግ ላርሰንን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያደረሰ ቤት ነው። የሰላይ፣ የጦርነትና የፍቅር ታሪክን የት መደርደሪያ ላይ እንደሚያኖረው፣ ለየትኛው አንባቢ እንደሚያሳየው ያውቃል። ለ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያልተገኘለት ይህ ነው።

የስብሃት ገብረእግዚአብሔርም «ሌቱም አይነጋልኝ» ፈረንሳይ የገባው በሰው ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. አክት ሱድ የተባለው አሳታሚ ሲያወጣው ከደራሲው ጋር የተረጎመው ፍራንሲስ ፋልሴቶ፣ ያው «ኢትዮፒክስ» በተሰኙት ተከታታይ አልበሞች የነማሕሙድ አሕመድንና የነሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ለዓለም ያሰማው ሰው ነበር። መጽሐፉ የሚተርከውን የውቤ በረሃ ሌሊት ፓሪስ ያደረሰው ዘፈኑን የወደደ ፈረንሳዊ እንጂ የባህል መሥሪያ ቤት አይደለም።

ሌሎች አቋራጭ መረጡ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እና የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ በእንግሊዝኛ ጽፈው በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ ገቡ። ዛሬም ዓለም የሚያውቃቸው የኢትዮጵያ ልጆች በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ናቸው። ዲናው መንግሥቱ በ2007 እ.ኤ.አ. የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አገኘ፤ መዓዛ መንግሥቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገባች። ያኮሩናል። ግን አዳም ረታን በአማርኛ ያነበበ ሁሉ ዓለም ምን እንደቀረበት ያውቃል።

ስፔኖች የልብ ወለዳቸውን ድንበር መሻገር ለዕድል አልተዉትም። ካርሎስ ሩይዝ ሳፎን «የነፋስ ጥላ»ን በ2001 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ገና የዓለም ስም አልነበረውም። መጽሐፉ ከአንባቢ ወደ አንባቢ እየተወራ አደገ፤ በጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዮሽካ ፊሸር በቴሌቪዥን አወደሱት፤ እንግሊዝኛውን ማዮርካ ደሴት ያደገችው ሉሲያ ግሬቭስ ሠራችው፤ በመጨረሻ በዓለም ዙሪያ ከ15 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ወሬው ሲነሣ ውል የሚዋዋል፣ መብት የሚሸጥ፣ ተርጓሚ የሚፈልግ ሰው ተዘጋጅቶ ነበር። ባርሴሎና ላይ በ2015 እ.ኤ.አ. ያረፈችው የደራስያን ወኪል ካርመን ባልሴልስ የእነጋርሲያ ማርኬዝንና የቫርጋስ ዮሳን ውል በአገርና በዘመን እየከፋፈለች ትደራደር ነበር። መንግሥታቸው የስፔን መጽሐፍ ለሚያስተረጉም የውጭ አሳታሚ ገንዘብ ይደጉማል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርት የመጻሕፍት ትርኢት የክብር እንግዳ ሆነው ቀርበዋል። እርግጥ ስፓንኛ ከላቲን አሜሪካ ጋር ግማሽ ቢሊዮን ያህል ተናጋሪ አለው። ነገር ግን ስዊድንኛ ከአማርኛ ያነሰ ተናጋሪ ይዞ ላርሰንን አሻግሯል። የተናጋሪ ማነስ ምክንያት አይሆነንም።

የእኛ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አሳታሚ ነው። ለማተሚያ ቤት ተበድሮ ይከፍላል፤ ከሽፋን ዋጋው ጥሩውን ድርሻ ለአከፋፋይ ይተዋል፤ ሕገ ወጥ ቅጂ ቀድሞት አደባባይ ሲወጣ ያያል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አገሪቱ ግን ለረጅም ዘመን ከበርን ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት ውጪ ኖራለች። ይህ የውጭ መጽሐፍን ሳያስፈቅዱ መተርጎምን አቀለለ። ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው ነቢይ መኮንን የጽናት ምሳሌ ሆኖ ይኖራል፤ የእሱን ያህል ትጋት ግን ወደ ውጭ ለሚወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ያዋለ ስንት አለ?

ባለሙያ የለም እንዳይባል ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ምስክር ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኝበት የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ካዛንቺስ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ቃልን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማሻገር ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ነው፤ አስተርጓሚዎች ከመስታወት ጀርባ ተቀምጠው የመሪዎችን ንግግር ያቀባብላሉ። እዚሁ ከተማ በሚገኘው የአፍሪካ ኅብረትም ስፓንኛ ራሱ ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው፤ የመዲናዋ አማርኛ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ በስም የለም።

ካዛንቺስ ባለፉት ዓመታት በኮሪደር ልማቱ ፈርሳ እንደገና ተሠርታለች። ለመንገድና ለመብራት በጀት የሚመድብ ከተማ ለአንድ ልብ ወለድ የናሙና ምዕራፍ ትርጉም መክፈል አያቅተውም። የውጭ አሳታሚ የማያነበውን ቋንቋ አይገዛም፤ ሠላሳ ገጽ በጥሩ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ከተሰጠው ግን ሊያስብበት ይችላል። የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር የትርጉም ፈንድ ያቋቁም፤ የደራስያን ማኅበር በየዓመቱ አምስት መጻሕፍት መርጦ የመብታቸውን ውል ያዘጋጅ፤ ዋሽንግተንና ሎስ አንጀለስ ያደጉ፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚኖሩ ልጆቻችን ይጠሩ። እስካሁን የተሻገሩት መጻሕፍት በግለሰብ ጉልበት ተሻግረዋል። የሚቀጥለውን ተቋም ይሸከመው።