ጥቅላችሁ ሲያልቅ መልእክት ይመጣል፤ ምርመራችሁስ?

የኢንተርኔት ጥቅላችሁ ሊያልቅ ሲል ስልካችሁ ያሳውቃችኋል። ባንካችሁም 50 ብር ስታወጡ ወዲያው መልእክት ይልካል። እህቶቼ፣ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ቀናችሁ ሲደርስ ግን ማን ያስታውሳችኋል?

እዚህ ፔዳ አካባቢ የማገኛቸውን እናቶች «መጨረሻ የተመረመርሽው መቼ ነው?» ስላቸው «ኧረ ዶክተር፣ ካርዱም ጠፍቷል» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። አሴቲክ አሲድ በተባለ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ የሚደረገው ምርመራ ውጤቱ ጤናማ ከሆነ ቀጣዩ ከዓመታት በኋላ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ስንቱን ያስረሳል!

በአገራችን ይህ ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ብዙ ሴቶችን ያጠቃል። ደስ የሚለው ግን ካንሰር እስኪሆን ዓመታት ይፈጃል። በዚህ መሃል ከተገኘ ብዙ ጊዜ በዕለቱ እዚያው ይታከማል።

እንግሊዝ አገር ቀኑ ሲደርስ ደብዳቤ ወይም የስልክ መልእክት ይላካል። እኛ ስልካችንን እናሠራው፦

1. ከ30 እስከ 49 ዓመት ሆኖ ያልተመረመረች፣ ዛሬውኑ ቀን ቆርጣ አላርም ትሙላ።
2. የተመረመረች ቀጣዩን ቀን በጂሜይሏ ካላንደር ትመዝግብ፤ ስልክ ብትቀይርም አይጠፋም።
3. ካርዱን ፎቶ አንሱት።

ኤችአይቪ በደሟ ያለ እህት ቀደም ብላ ትጀምራለች፣ ቶሎ ቶሎም ትደግማለች፤ ሐኪሟን ትጠይቅ።

ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጡ በኋላ ደም ከታየ ግን አላርም አይጠበቅም፤ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ወንድሞች፣ የእናታችሁን ቀን በእናንተ ስልክ ሙሉት። ሼር!